ጾመኛ ያልኩት ውሻህ

ውድ ገመቺስ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የፋሲካ ዕለት የላክህልኝ መልእክት ደርሶኛል። «እንኳን አደረስዎ እትዬ። ጉራቻ እንዴት ነው?» ይላል። ዛሬ ዳግም ትንሣኤ ነው፤ ስምንት ቀን ሙሉ ስልኩን አነሳለሁ፣ አነበዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ደውዬ እንዳልነግርህ ስልክ ላይ አፌ ይቀድመኛል። ባለፈው ቀድሞኝ ምን እንዳለህ አንተም አልረሳኸውም፣ እኔም አልረሳሁትም። የሥራ ባልደረባህ ኢታና ማክሰኞ ወደ መቱ፣ ወደ ካምፓችሁ እንደሚመለስ ስለነገረኝ ይህን በእጁ እልክልሃለሁ። ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀምጬ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሳደራጅ ኖሬያለሁ፤ የራሴን ቃል ልጽፍ ስቀመጥ ግን እስክሪብቶው ከበደኝ።

ገሜ፣ ጉራቻ ሞቷል። ከደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው የሞተው። መጨረሻው የት ጋ ነው እያልክ ገጹን ስትገላብጥ እንዳትሠቃይ ብዬ አስቀድሜ ነገርኩህ። የቀረው ደብዳቤ እንዴት እንደሞተ ነው። የእኔ ጥፋት የቱ ላይ እንደሆነም አለበት፤ እሱን ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ።

ያመጣኸው ቀን ትዝ ይልሃል? ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። ሰንጋ ተራ ሕንጻ የሚሠራበት ግቢ ቅየሳ ላይ ነበርክ፤ አመሻሽ ላይ በሩን አንኳኩተህ ጃኬትህ ውስጥ የሆነ ነገር ደብቀህ ቆምክ። «ውሻ ግቢዬ አይገባም» አልኩህ፤ ምን እንደያዝክ ገና ሳትነግረኝ። «ለሦስት ቀን ብቻ እትዬ» አልክ። ሦስት ቀኑ ስምንት ዓመት ሆነ። እናቱና ወንድሞቹ ማን እንደጣለው ያልታወቀ መርዝ ያለበት ሥጋ በልተው አንድ ላይ ማለቃቸውን፣ እሱ ብቻ አሸዋ ክምር ሥር ተደብቆ መገኘቱን የነገርከኝ በማግስቱ ነው። ወተት ሰጠሁት፤ አልነካም። ዳቦ ሰጠሁት፤ አሽትቶ ወደ ኋላው ሸሸ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን አንተ መሬት ላይ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ዳቦውን ገመጥክ፣ እያሳየኸው አኝከህ ዋጥክ፣ የቀረውን አቀረብክለት። ያን ጊዜ በላ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሕግ ሆኖ ቀረ። ሰው ቀድሞ ካልቀመሰለት ጉራቻ አይበላም። «ንጉሥ ነው እንዴ ቀማሽ የሚቆምለት?» እያልኩ ስንት ጊዜ ሳቅሁብህ። አንተ ግን አንድ ቀን አልሰለቸህም። ጠዋት ሥራ ከመሄድህ በፊት ቁርስህን በር ላይ ቁጭ ብለህ ከሱ ጋር ትጎራረሳለህ፤ እኔ ከመስኮት ሆኜ አያለሁ። ልጅ አልወለድኩም፤ ባለቤቴ ተክለጻድቅም ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ያቺን ጠዋት ጠዋት የማያትን ነገር ምን ያህል እንደምወዳት ነግሬህ አላውቅም። ክፍሉን ተከራይተህ የገባህ ሰው መሆንህን ከረሳሁት ቆይቷል።

አምና ጥር ላይ የመንገድ ሥራው ወደ መቱ ሲወስድህ፣ ካምፑ ውሻ አይፈቅድም ተብለህ ገመዱን እጄ ላይ ስታስይዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልከኝ። «አደራ እትዬ፣ ቀምሰው ይስጡት።» እሺ አልኩህ። እሺታዬንም አክብሬ ነበር፤ እስከ ዘንድሮ መጋቢት ድረስ።

ስህተቱ የጀመረው በአምናው ሁዳዴ ነው፤ የጀመረውም በሳቅ ነው። እንደምታውቀው እኔ በሁዳዴ በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። አንተ ሳለህ፣ ሁዳዴን ስለማትጾም ጠዋት አንተ ትቀምስለት ነበር። አንተ ስትሄድ ቀማሹ እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። ጠዋት ሳህኑን ሳቀርብለት ያየኛል፣ ይጋደማል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከእኔ ጋር ሽሮ ፍትፍቱን ይበላል። ምክንያቱን አሳምሬ አውቀው ነበር። ይሁንና የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ቤቴ ተሰብስበው «ውሻሽ ምነው ሳህኑን አይነካም?» ሲሉኝ «እሱም ይጾማል» አልኳቸው፤ ለቀልድ። እነሱ አልሳቁም። አንዷ አማተበች። እኔም ደስ አለኝና ዝም አልኩ።

ወሬው በሳምንቱ ልደታ ማርያም ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ያ የሚጾመው ውሻ የታለ?» እያሉ ጎራ የሚሉ በዙ። አንዷ ሴትዮ አልጾምም ያለ ባሏን እጁን ይዛ አምጥታ «እየው፣ አታፍርም?» አለችው፤ ሰውዬው ጉራቻን አየ፣ ጉራቻም ሰውዬውን አየ። እኔ ወንበር አወጣለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ ታሪኩን እንደገና አወራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም፣ ገሜ። አንድን ነገር ለሰው ሃምሳ ጊዜ ስታወራው የራስህም ጆሮ ይሰማዋል። ዓመቱ ሲዞር ቀልዱን ራሴው አምኜዋለሁ።

ዘንድሮ የነነዌ ጾም ገባ። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀምሼ ሰጠሁት፤ አሽትቶ ራሱን አዞረ። ማክሰኞም እንደዚያው፣ ረቡዕም እንደዚያው። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። ቀምሼ ሰጥቼው እምቢ ያለበት የመጀመሪያ ቀን ነበርና ልደነግጥ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በዮናስ ዘመን የነነዌ ከብቶች ከሰው ጋር መጾማቸውን አስቤ እንባዬ መጣ። «ዘንድሮስ እኔን በለጠኝ» ብዬ ለሴቶቹ አወራሁ። ሁዳዴ ሲገባ በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት ይልሳል። ጠዋት ጠዋት ቢጫ አረፋ ያስታውከዋል፤ ባዶ ሆድ ነው አልኩ። የጎድን አጥንቱ መቆጠር ጀመረ፤ ሥጋውን እያደከመ ነው አልኩ። ከበር ግቢው ውስጥ እስካለው የኮክ ዛፍ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል፤ ትሕትና ነው አልኩ። ለሁሉም ቃል አላጣሁለትም።

አንተ የደወልክልኝ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ስለ ጉራቻ ስኩራራብህ እስክጨርስ አዳመጥከኝ።

«እትዬ፣ ውሻ አይጾምም» አልክ። «አሞት ይሆናል፤ ሐኪም ያሳዩት።»

«የነነዌ ከብት ጾሞ የለም እንዴ?»

«እሱማ ንጉሡ አውጆ ነው። ጉራቻን ማን አዘዘው?»

ድምፅህ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ነበረች። እሷ ሳቅ አቃጠለችኝ፤ በጾሜ የሳቅክ መሰለኝ። «ጾም ምን እንደሆነ ከማያውቅ ሰው ምክር አልቀበልም» አልኩህ። አንተ ግን ስለ ራስህ ምንም ሳትመልስ «እሺ እትዬ፣ ሐኪሙ ግን» ስትል የመጨረሻው ከአፌ ወጣ።

«ውሻው እንኳ ካንተ ይሻላል።»

እንዲህ ነው ያልኩህ። ታይፎይድ ሲጥለኝ አሥራ ሁለት ቀን ያስታመመኝን ልጅ። ከኋላህ የገልባጭ መኪና ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ይቅርታ እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» ብለህ ዘጋህ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ኢታና ሊጠይቀኝ መጥቶ ሻይ ስንጠጣ፣ አንተ ዓርብ ዓርብ ምሳ እንደማትበላ፣ ለምን ሲሉህም «አልራበኝም» እንደምትል ነገረኝ። እዚህ ግቢም ሳለህ እንደዚያው ታደርግ እንደነበር አሁን ገባኝ። ይህን ያህል ዓመት ኖረን አንድ ቀን አልነገርከኝም፤ እኔ የውሻ ጾም ሳይቀር ለሰፈር ሳወራ።

ዓይኑን ያየችው ዙሃራ ናት። አጥር የምንጋራት የበከር ሚስት፣ ተክለ ሃይማኖት ቅመም የምትሸጠው፤ ታስታውሳታለህ። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ስለገጠሙ ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን። በመፃጉዕ ሳምንት ማክሰኞ ግቢ ገብታ ጎንበስ ብላ አየችውና «እትዬ፣ ዓይኑ እኮ እርድ መስሏል» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ እርድ እየሰፈረች የምትውል ሴት ቀለሙን አትስተውም። እኔ ጥቁር ጸጉሩን እያየሁ ነበር የከረምኩት። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አሳየችኝ፤ እሱም ቢጫ ነበር።

በማግስቱ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ላዳዎች ውሻ አንጭንም ብለው አለፉን፤ ሦስተኛው ጋቢዬን ስጠቀልልበት እሺ አለ። ያ ስናስረው የሚጎትተን ውሻ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ተኛ። ሐኪሟ ዶክተር ሶረቲ የምትባል ልጅ ናት፤ ካንተ ብዙም አትበልጥም።

«መብላት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

«አላቆመም፤ ይጾማል።»

ቀና ብላ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጾመው?» አለች፤ ቃሌን ሳታርም።

«ከነነዌ።»

ቀኑን አስልታ ጻፈችው። ከዚያ ለአልትራሳውንድ ሆዱን ስትላጨው በጥቁሩ ጸጉር ሥር ያለው ቆዳ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ማሽኑ ላይ ያለውን ጥላ በጣቷ እያሳየች ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጉበት ያመነጨው ሐሞት አንዲት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እዚያች የሐሞት ከረጢት ላይ ዕጢ በቅሎ መውጫውን ዘግቶታል፤ ሐሞቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ደሙ ተመልሷል። ቢጫ ያደረገው እሱ ነው፤ ምግብ ሲሸተው የሚያቅለሸልሸውም ለዚያ ነው አለችኝ። «ውሻ ላይ እንዲህ ያለ ዕጢ ብርቅ ነው። እኔ ራሴ በመጽሐፍ አንብቤው እንጂ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።» ልንገርህ? ብርቅ ስትል ለአንድ አፍታ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«ያኔውኑ ባመጣው ኖሮስ?» አልኳት።

«ከረጢቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻል እንደሆነ እናይ ነበር። ይድን ነበር ብዬ ግን አልነግርዎትም እማማ፤ አላውቅም። አሁን ጉበቱም ላይ አለ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ መርፌ ወጋችውና፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ ያለ ቅባትና ያለ ጨው ቀቅዬ እንድሰጠው ነገረችኝ። «ከበላ የቀሩትን ቀናት በጉልበት ያሳልፋቸዋል። ከዚህ ሌላ የማደርግለት የለኝም» አለች። ሥቃይ ከጠናበት እንድደውልላት ስልኳን ሰጠችኝ።

በሁዳዴ ቤቴ ውስጥ ሥጋ ተቀቅሎ አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት በከር ዶሮውን አረደው፤ ዙሃራ ጾሟን እንደያዘች ቀቅላ በሳህን አመጣችልኝ። ጉራቻ ፊት አስቀመጥኩት። መርፌው ሠርቷል መሰለኝ አሸተተው፤ ጭራው አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

ምን እንደሚጠብቅ አውቅ ነበር።

«ብላ» አልኩት። አየኝ። ሥጋውን ከንፈሬ ድረስ አስጠግቼ ባዶ አፌን አላመጥኩ። ስምንት ዓመት የሰው አፍ ሲመለከት የኖረ ውሻ ነው፤ አልተታለለም። ምሽት ላይ ዙሃራ ካፈጠረች በኋላ መጥታ «እኔ ልቅመስለት» ብላ ቀመሰችለት፤ እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር። ዓርብም እንደዚሁ ዋልን። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾም ፈትቼ አላውቅም፣ ገሜ። አንተ ስታስታምመኝ እንኳ በነሐሴ ጾም ወተት አልጠጣም ብዬ እንዳስቸገርኩህ ታስታውሳለህ። በዚያ ላይ በከር ያረደው ነው፤ እነሱ የእኛን እንደማይበሉ እኛም የእነሱን አንበላም። ሳህኑን አነሳለሁ፣ ማድ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፣ አሙቄ እመልሰዋለሁ። እሱ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ሁለት ቀን አስጠበቅሁት። ከነነዌ ጀምሮ ያጠፋሁትን ባለማወቅ ነው እላለሁ፤ እነዚያን ሁለት ቀናት ግን እያወቅሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን በር ዘጋሁና መሬት ላይ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። አንዲት ቁራጭ አነሳሁ፣ አንተ እንደምታደርገው እያሳየሁት አኘክሁ፣ ዋጥኳት። ጣዕም አልነበራትም፤ ጨው የሌለው ዶሮ ነው። ሌላዋን ቁራጭ በመዳፌ አቀረብኩለት። በላ። ሦስት ጉርሻ በላልኝ። አራተኛዋን አሸተታትና ትቷት እጄን ላሰ። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ዙሃራ መጥታ እስክታነሳኝ ድረስ ተቀመጥኩ።

እሑድ ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ ውሃ ጠጣ። ለደብረ ዘይት ቅዳሴ አልሄድኩም። ሰኞ ረፋድ ላይ ትንፋሹ ከበደ፤ ለዶክተር ሶረቲ ደወልኩላት፣ መጣሁ አለች፣ እሱ ግን አልጠበቃትም። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። በከር ክፍልህ ፊት ለፊት፣ ኮኩ ሥር ቆፈረለት። በዚያው ጋቢ ጠቅልለን ቀበርነው።

በሁለተኛው ቀን የጽዋ ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጡ። ተቀመጡ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «ታድሎ፤ ጾሙን ሳይፈታ ሄደ» አለች። ይሄኔ አላስቻለኝም። «ፈትቷል» አልኩ። «ቅዳሜ አብረን ፈታን፤ በዶሮ። ደግሞም ጾሞ አያውቅም፤ ታሞ ነው። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።» ውሃቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይሉኝም፤ ያቺ ባሏን ያመጣችው ግን ትናንት በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች።

የነፍስ አባቴ መምሬ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ተጸጸትሽ?» አሉኝ።

«የቱን አባቴ? የበላሁትን ነው ወይስ የዘገየሁትን?»

በዚህ ጉልበቴ ለሰባት ቀን አርባ አርባ ስግደት አዘዙብኝ። ልነሣ ስል ደግሞ «ለዚያ ልጅ ግን ስግደት አይሆነውም፤ ራስሽ ንገሪው» አሉኝ። ስግደቱን ጨርሼዋለሁ። ይኸው ደግሞ ነገርኩህ።

የፋሲካ ዕለት ብቻዬን ማዕድ ቀርቤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከቀመስኩ በኋላ ሁለተኛውን ሳላስበው ወደ ወለሉ ዘረጋሁት። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። መልእክትህ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ክፍልህን አላከራየሁትም። ስትሄድ በተውከው ሁኔታ ነው ያለው፤ ቁልፉም እኔ ጋ አለ። ላልኩህ ነገር ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ይቅር ማለት ካልሆነልህም አልፈርድብህም፤ ብቻ ጉራቻ የተኛበትን መጥተህ እይ። ዝናቡ ሲጠና ሥራው ይቆማል ብሎኛል ኢታና፤ ያን ጊዜ ና። ከእጄ መብላት ቢከብድህ አይገርመኝም፤ ከአፌ የወጣብህ መርዝ ነበርና። በር ላይ፣ ከጉራቻ ጋር ቁርስ ትበላባት በነበረችው ቦታ አጠገብህ ቁጭ እላለሁ። አስቀድሜ እኔ እቀምስልሃለሁ።

እትዬ ወለተሰንበት
ልደታ፣ ዳግም ትንሣኤ